የመርከቧ ምግብ ቤቶችና የባለቤቴ ጾም

የባለቤቴ ታናሽ እህት ቱሪስት ጭኖ ባሕር ላይ በሚንሸራሸር መርከብ ውስጥ አስተናጋጅ ናት። መርከብ ስላችሁ ጣና ላይ የምናውቃትን ጀልባ እንዳታስቡ። በቪዲዮ እንዳየሁት፣ ይኼ መርከብ ደብረ ማርቆስን ከነመናኸሪያዋ ጭኖ ለደጀን የሚሆን ቦታ ይተርፈዋል። ውስጡ ዘጠኝ ምግብ ቤት አለ። አንዱ የጣሊያን ነው፣ አንዱ ሥጋ ብቻ ያቀርባል፣ በሌላው ደግሞ ጃፓናዊው ምግብ አብሳይ እንቁላሉን ሽቅብ ወርውሮ በመጥበሻው ይቀልበዋል።

«እዚህ ሰው በምን እንደሚጣላ ታውቂያለሽ?» አለቻት እህቷ በስልክ። «የት እንብላ በሚል ነው! ባልና ሚስት ተኳርፈው ጦማቸውን ሲያድሩ አይቻለሁ።»

ባለቤቴ አልጋው ላይ እንደተጋደመች ፈገግ አለች። «ምነው የኔም ጣጣ ይኼ በሆነ» አለች።

የእሷ ጣጣ መብላቱ ራሱ ነበር። ጨጓራዋ ላይ የወጣው ነገር ምግብ የሚባል አስጠልቷታል። ሐኪሙ ደግሞ ቀጣዩ መድኃኒት ብርቱ ስለሆነ ሦስት ኪሎ ካልጨመረች አልሰጣትም ብሏል። ቀጠሮው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው። ሦስት ኪሎ! እኔ በአንድ ሰርግ ሦስት ኪሎ ጨምሬ ሁለቱን ስጨፍር አራግፌ የመጣሁ ሰው ነኝ። ለእሷ ግን የጮቄን ተራራ ዋጪ የተባለች ያህል ነበር። ያልሠራሁላት ምግብ የለም። ሁሉንም በእጇ ጀርባ ገፋ እያደረገች «ሽታው አጠገበኝ» ትለኛለች።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ውቅያኖስ ስስል ኖሬ ባሕር በዓይኔ አላየሁም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩና እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ሰላምታ ሰጠሁ።

«እመቤቴ፣ መርከባችን ዛሬ ሦስት ምግብ ቤቶች ከፍታለች። ቅቅል ቤት፣ ዓሣ ቤት፣ ፈጢራ ቤት። የትኛውን ይመርጣሉ?»

«ባሕሩስ የታለ?»

«ለጽዳት አድርቀውታል።»

ሳቀች። ከዚያ ነጠላዬን ስጠኝ፣ ጫማዬን አምጣ ማለት ጀመረች። ባጃጅ ጠራሁ። ከቤታችን እስከ ቅቅል ቤቱ ባለው ኮብልስቶን ላይ ስንናጥ «ማዕበል ነው፣ አይዞሽ» እላታለሁ። ያን ቀን አምስት ጉርሻ በላች። ከአምስቱ በኋላ ሳህኑን ስትገፋው ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ አስተናጋጇን ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። የምትወደው ከመብላቱ ይልቅ መምረጡን እንደሆነ ገባኝ። የቅቅል ቤቱ ሰዎች ትላንት ጨው አብዝተዋል፣ ዓሣ ቤት ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ፈጢራ ቤት ሴትዮዋ ደግ ናት ግን ወሬ ታበዛለች፤ እያለች ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች። መርጣ ስትቀመጥ ግን ትበላለች። በአንድ ወር ውስጥ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ተኩል ጨመረ። እኔማ ሦስት ኪሎ ጨመርኩ፤ የተረፋትን የምጨርሰው እኔ ነኛ!

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ከልጅነቷ ጀምሮ ሁዳዴን አጉድላ አታውቅም። አልበላም አለች። የንስሐ አባታችንን ለምኜ ቤት አመጣኋቸው።

«ለታመመ ሰው ጾም የለበትም። ብዪ፣ ልጄ» አሏት።

«አባ፣ መሄጃዬ ቢሆንስ? በመጨረሻው ሁዳዴን ሽሬ ልሂድ?»

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው ጾምሽን ባልሽ ይሸከምልሽ። አንቺ ብዪ፣ እሱ በአንቺ ፈንታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቅመስ።»

«አባ፣ እኔ እኮ የራሴንም ጾም የያዝኩት በጅራቱ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ከሥጋና ከቅቤ እከለከላለሁ እንጂ ሰዓት ጠብቄ አላውቅም ነበር።

«አሁን በቀንዱ ያዘው» አሉኝ።

ባለቤቴ አየችኝ። የምትቀልድ መስላኝ ነበር፤ ዓይኗ ግን አይቀልድም። «እሱ ከጾመልኝ እበላለሁ» አለች።

ቅቅል ቤቱ ለጾሙ ዘግቷል። የቀሩት ዓሣ ቤትና ፈጢራ ቤት ናቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን እሷ ከፊቷ ዓሣ ጥብስ ወይም ፈጢራ፣ እኔ ከፊቴ ባዶ ጠረጴዛ ይዘን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። የፈጢራ ቤቷ ባለቤት፣ ሙስሊም ጎረቤታችን ናት፣ ሁለት ቀን ታዝባ በሦስተኛው አላስቻላትም።

«ጋሼ ምን አጥፍተው ነው የተቀጡት?»

«የኔን ጾም ተሸክሞልኝ ነው» አለቻት ባለቤቴ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ገብታ ማሩን በማንኪያ ይዛ መጣችና ፈጢራው ላይ ደግማ አፈሰሰችላት።

ባለቤቴ እኔን ማስራብ ጣፈጣት። አጥንቱን ቀስ ብላ እየለቀመች «ወይ ዛሬስ ሲጣፍጥ» ትላለች። እኔ ሆዴን ይዤ ስቃትት ትስቃለች፣ እየሳቀች ትጎርሳለች። አንድ ቀን ሙሉ ዓሣ ጨረሰች፤ የቀረው እሾህ ለድመት እንኳ የሚያሳፍር ነበር። እንደዚያ ርቦኝም እንደዚያ ደስ ብሎኝም አያውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት የአንድ ባልደረባችን እናት አረፉና አስተማሪዎቹ ሁሉ በሚኒባስ ደጀን ለቅሶ ሄድን። ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። ምስር ወጥና ሽሮ ቀረበ። ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሸራ ሰቀልኩ። አንዲት ባልቴት መጥተው «በሟች ነፍስ፣ ከመንገድ መጥተህ ሳትቀምስ አትወጣም» አሉኝ። ስድስት ሰዓት አልሞላም። ለቅሶ ቤት እምቢ ማለት ነውር ነው አልኩ ለራሴ። አንድ ጉርሻ ለነውሩ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሳህኑን ጠረግሁ፤ ጨምሩልኝም አልኩ።

ማታ ስገባ «ጾምክ?» አለችኝ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልነካሁም።»

በሳምንቱ ባልደረቦቼ ሊጠይቋት መጡ። የሒሳብ አስተማሪው ሊያስቃት ፈልጎ ነው፤ ክፋት የለበትም። «ባልሽ ደጀን ላይ ጉድ አደረገን እኮ! ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ምስሩን ጨርሶ ድስቱን ሊቆረጥም ሲል ተረባርበን አስጣልነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። እኔ ከሁሉ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ በሩ ላይ ቆሜ ሰላምታ ሰጠሁ። «እመቤቴ፣ ዛሬስ የትኛውን ይመርጣሉ?»

«ዛሬ ጾም ነኝ» አለች።

«ጾሙ እኔ ጋ ነው እኮ።»

«አምላኬ ሲጠይቀኝ ደጀን ላይ ጣለው ልበል?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ፣ ብትሰድበኝ፣ አመድ ብትነሰንስብኝ አንድ ነገር ነበር። እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ዕቃዋ፣ ጾሟን ከእጄ ተቀብላ ወደ ራሷ መለሰችው። አባ መጥተው ለመኗት፤ ገዘቷት ማለት ይቻላል። ለእሳቸው ክብር ስትል ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጥቂት ማንኪያ የአጃ አጥሚት ትቀምሳለች፣ ያውም ያለ ወተት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ሰዓት አላጎደልኩም። ምራቄን እንኳ ስውጥ እየፈራሁ ነበር። ታያለች።

የቀጠሮው ቀን ሆሳዕና ሊገባ ሲል ደረሰ። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ከኋላዋ ሆኜ ደገፍኳት። ቁጥሩን አየሁት፤ የጨመረችው ሁሉ ሄዶ ከእሱም አልፏል። መቼ እንዳሰብኩት አላውቅም፣ የጫማዬን ጫፍ ቀስ አድርጌ ሚዛኑ ላይ አሳረፍኩ። ቁጥሩ ወጣ። ትንሽ ጫን አልኩ። ሌላም ወጣ። ሦስት ኪሎ እንዲህ ቀላል ነገር ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እግርዎን ያንሱ።»

ባለቤቴ አንገቷን አዙራ ጫማዬን አየችው። ከዚያ ክንዴን ያዘች። እግሬን አነሳሁ።

ሐኪሙ በለሰለሰ ቃል ቤቷ ትረፍ፣ ስትጠነክር ትምጣ አለን። ሁለታችንም ሰማነው። ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛውን እሑድ አላየችም።

ያን ቀን ግን ከሆስፒታሉ ግቢ ስንወጣ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። መንገዱ ዳር ቆምን። የቀልድ ድምፄ ከየት ይምጣ!

«የት እንብላ?» አለች እሷ።

«አንቺ የመረጥሽው ይሁን።»

ግራና ቀኙን እንደ ልማዷ አየች፤ ስትመርጥ ጊዜ ወሰደች። «እዚያ ሽሮ ቤት» አለች። «ሽሮ ትወዳለህ። ከትላንት ጀምሮ አልበላህም።»

ገባን። ለአንድ ሰው ብቻ አዘዘች። ትኩሱ ሽሮ እየተንተከተከ ሲመጣ ሳህኑን ወደ እኔ አስጠግታ አንድ ጊዜ አጎረሰችኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

«ብላ» አለች። «ሰዓቱ ደርሷል።»

በላሁ። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ ሳህኑን ጠርጌ እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከእጄ አልነቀለችም።