አጎቴ መልስ ሲጠብቁ

አላህ ይዘንላቸውና፣ አጎቴ በርበሬ በረንዳ ባለው ሱቃቸው ገበያተኛው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ ነበራቸው። ልጃቸውን ዘይነብን አንድ ነገር ከጠየቁ፣ መልሷ እስኪመጣ ድረስ ሚዛኑን አይነኩም። ዘይነብ ከተወለደች ጀምሮ ሰውነቷ ልፍስፍስ ያለ፣ ዓይኖቿ ወደ ላይ ቀና ያሉ ነበሩ። አንድ ፈረንጅ ሐኪም አንጎሏ ሲፈጠር እንዳልተሟላና እንደማትናገር በአስተርጓሚ ነግሯቸዋል። አጎቴ ግን «የትኛውን እንስጠው? ዛላውን ወይስ የተፈጨውን?» ይሏትና ዝም ብለው ያዩዋታል።

«ጋሼ፣ ጋሪዬ መንገድ ዘግታለች፤ እርስዎ ይስጡኝና ልሂድ» ይላል ደንበኛው።

«ጋሪህ ከቸኮለች ትቅደም፤ አንተ ቆይ።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ ዘይነብ «ዛላ» አለች። ሌሎች ቃላትም ተከተሉ። የመጡት ስለተጠበቁ ይሁን ወይስ ጊዜያቸው ስለደረሰ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ባነብም አልገባኝም።

አጎቴ ከተቀበሩ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሐዘን ነው የሚሉ አሉ፤ ሐኪሙ ያለው ደረሰ የሚሉም አሉ። ትናንት እናቷ ሱቁን እንደከፈቱ አንዲት ሴት መጥታ ዘይነብን «የኔ ልጅ፣ የትኛው ይሻለኛል?» አለቻት። የዘይነብ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። እናቷ ግን ቀደሙና «ዛላውን ውሰጂ» አሉ።

«እትዬ፣ ትንሽ ቢጠብቋት» አልኳቸው።

«እስከ መቼ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልገው ነበር።

ይህን አጎቴን ሳንጠይቃቸው ቀረን።