መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ሶላር

ሲያትል አጠገብ ኬንት የምትባል ከተማ ቤት በገዛን ዓመት የኅዳር ንፋስ ሦስት ጥድ ገንድሶ የሰፈሩን መብራት ይዞት ሄደ። ለሌላው ሰው ሻማ ለኩሶ መተኛት ነው። እኛ ቤት ግን የእናቴ የኦክስጅን ማሽን ጸጥ አለ። ይሄ ማሽን አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ጎኑ ላይ ውሃ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ አለችው፣ እሷም አረፋ እያወጣች ስትንተከተክ ትውላለች። ሲሠራ ይሰለቸናል፣ ዝም ሲል ደግሞ ልባችን ቀጥ ይላል። የዚያን ዕለት በመጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደር እያስተነፈስን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ሲታክ በምትባለው ከተማ ወደ እህቴ አፓርታማ ወሰድናት። እዚያ መብራት አልጠፋም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እህቴን ማን ይቻላት። እማዬ እኔ ጋ ትሁን፣ አንተ ሰፈር ንፋስ ባስነጠሰ ቁጥር መብራት ይሄዳል አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያናደደኝም እውነትነቱ ነው። ግን የእህቴ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። እናቴ አንዴ ከወጣች የምትወርደው ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው። እኛ ጋ ግን ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥታ ጎመኗን ትጎበኛለች፣ ከጎረቤታችን ከቬትናማዊቷ አሮጊት ጋር በአጥር ላይ ቃሪያ ትለዋወጣለች። በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ እግዜር ይወቅ። መሄድ እንደማትፈልግ አውቃለሁ፣ አፍ አውጥታ ግን አትናገርም። «እናንተ እንዳላችሁ» ነው የምትለው። ይህቺ ቃል ለእኔ ከእርግማን ትብሳለች።

እህቴ ቀን ቆረጠችልኝ፦ እስከሚመጣው ዊንተር መፍትሔ ካላገኘህ እወስዳታለሁ።

የምሠራው የኤርፖርት ታክሲ ነው። ተራ እየጠበቅን የምንቆምበት ሜዳ ላይ የማይታወቅ ነገር የለም። ጉልበቱን ያመመው ሐኪም ያገኛል፣ ሚስቱ ያኮረፈችው ሽማግሌ ያገኛል። እኔም ሶላር ብዬ አፌን ስከፍት አሥር ኢንጂነር ከበበኝ። ጣራህን ፓነል አልብሰው፣ መብራት ሲጠፋ ጭራሽ ለሰፈሩ ታበራለህ አሉኝ። ሻጭ ጠራሁ፣ ደህና ዋጋ ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ ብዬ አንዲት ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ለምን ብዬ እጠይቃለሁ? እኛ አገር ሶላር የሚገዛው መብራት ስለሚጠፋ ነው። ሳሙና የሚገዛ ሰው አረፋ ያወጣል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ጁላይ ላይ ተገጠመ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። መንገድ ማዶ ቆሜ ጣራዬን ሳይ ለጎረቤቶቼ ቤት የሚመረምር የመንግሥት ሰው መስዬ ታየኋቸው። እህቴን ኮል አድርጌ ስጎርርባት፣ እሷ እሺ እናያለን ብቻ አለችኝ። እኔ ደግሞ እናያለን የሚለኝን ሰው ሳላሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኦክቶበር ላይ ለእሑድ ኃይለኛ ንፋስ አለ ሲባል እህቴን ከነልጆቿ፣ ሁለት የታክሲ ጓደኞቼንም ጨምሬ፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ጠራሁ። ሰው ከንፋስ ይሸሻል፣ እኔ ደገስኩለት።

ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው ሰሐን ላይ እያለን፣ መብራቱ ሄደ። እኔ ብድግ ብዬ አሁን እዩ አልኩ። አየን። ፍሪጁ ዝም አለ። የእናቴም ማሽን አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ሚስቴ ወደ ሲሊንደሩ ስትሮጥ እኔ ወደ ጋራዥ ሮጥኩ። ውጭ ፀሐይዋ ቁልጭ ብላ ወጥታለች፣ ኢንቨርተሩ ግን ቀይ መብራት እያርገበገበ ቆሟል። ኢንቨርተር ማለት ከጣራው የሚመጣውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው ሣጥን ነው፤ ይሄንንም ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው።

ሻጩን ደወልኩለት። በትሕትና አስረዳኝ፤ ትሕትናው ይበልጥ አበገነኝ። የገዛኸው ከመንገዱ መስመር ጋር የተሳሰረ ነው፣ መስመሩ ሲሞት አብሮ ይጠፋል፣ ሽቦ የሚጠግኑትን ሠራተኞች ኮረንቲ እንዳይዛቸው ተብሎ ነው የተሠራው አለ። መብራት ሲጠፋ እንዲሠራ ከፈለግክ ባትሪ የሚያያዝበት ሃይብሪድ ነበር መግዛት የነበረብህ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ሰው የሚገዛው የመብራት ቢሉ እንዲቀንስለት ነው፣ አንተም ሌላ ነገር አልጠየቅከኝም አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኔ ነኝ።

እህቴ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን የእናቴን ማሽን፣ መድኃኒትና ጋቢ ሰብስባ መኪናዋ ውስጥ ከተተች። እናቴ መኪና ውስጥ ሆና እጄን ያዝ አደረገችና፣ አይዞህ ልጄ፣ ጣራው እንኳ አምሮበታል አለችኝ። 

ለጊዜው ነው ተባለ። ለጊዜው የሚባል ነገር እንዴት እንደሚረዝም ስደት የኖረ ሰው ያውቀዋል። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አያታለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሥር ተቀምጣ የመኪና ማቆሚያውን ታያለች። ምን ጎደለሽ ስላት ምንም አልጎደለኝ ትላለች። ጎመኑን እያጠጣችሁ ነው ወይ ብላ ግን ሁልጊዜ ትጠይቃለች። ዝናቡ ያጠጣዋል እማዬ እላታለሁ፣ እንሳሳቃለን። ቤቴ ስመለስ መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆሜ ያንን ያሰለቸኝን ጉርምርምታ እፈልጋለሁ። በግልጽ ልናገር፣ አፍሬም ናፍቄም ነበር።

ታክሲ ሜዳው ላይ ሶላር የሚል ቅጽል ስም ወጣልኝ። እስኪበቃቸው ከሳቁብኝ በኋላ አንድ ዝምተኛ ሰው ወደ መኪናዬ መጣ። አገር ቤት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረ ነው። መጀመሪያ ምክር ስጠይቅ የት ነበርክ ብዬ ጮኽኩበት። አሥር ሰው ሲናገር አስራ አንደኛው ማን ይሰማዋል አለኝ። በሩን ከፍቼ አስገባሁት።

ከእሱ ጋር ተቀምጠን ሃይብሪድ የሚገጥሙ ሦስት ኩባንያዎች የላኩልንን የዋጋ ወረቀት አነበብን። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው አለኝ። ባንድ ጊዜ ምን ያህል ዕቃ ይሸከማል፣ መብራት ሲሄድ ወደ ባትሪው ለመዞር ምን ያህል ይቆያል፣ ባትሪውን ከፀሐይ ብቻ ነው ወይስ ከመስመሩም ይሞላል። ዲሴምበር ላይ በሲያትል ፀሐይ የተማመነ ሰው ጉም ዘገነ አለ። ርካሹ ከመስመሩ አይሞላም፣ ወደቀ። ትልቁ ለሆቴል እንጂ ለእኛ ቤት አይደለም፣ እሱም ወደቀ። መካከለኛው ቀረ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነው። እኔ ግን ወረቀት የማምንበት አንጀት አልነበረኝም። የተገጠመበት ቤት ወስዳችሁ አሳዩኝ፣ ዓይኔ እያየ መብራቱ ይጥፋ አልኳቸው ሻጮቹን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም መሰለኝ፣ ግራ ገባቸው፤ በመጨረሻ ታኮማ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ፈቀዱ።

እናቴን ከነተንቀሳቃሽ ሲሊንደሯ ይዤ ሄድኩ። እህቴም መጣች፣ ለመታዘብ። እናቴ ሰው ቤት ባዶ እጇን ስለማትገባ ድፎ ዳቦ አስይዛናለች። ሽማግሌው ጋራዣቸውን ለማየት ዳቦ ይዞ የመጣ እንግዳ አጋጥሟቸው ስለማያውቅ ዳቦውን ታቅፈው ቆሙ። ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳውን የሞላ የዓሣ ገንዳ አለ። እናቴን ፊት ለፊቱ አስቀመጧትና ዋናውን የመብራት ብሬከር ሊያጠፉ ወጡ።

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ኮሪደሩ ጨለም አለ፣ ኩሽና ውስጥ የነበረው ሬዲዮ ዝም አለ። ገንዳው ውስጥ ግን አረፋው ከሥር ወደ ላይ እየተንተከተከ ቀጠለ፣ ለአፍታ እንኳ አልተቋረጠም። እናቴ ጣቷን መስተዋቱ ላይ አድርጋ አረፋውን እየተከተለች ቆየች።

«የኔም እንዲህ ሳያቋርጥ ይሠራል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«እንግዲያው ይሄን ግዛ።»

«እናንተ እንዳላችሁ» አላለችም። እህቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ሁለታችንም ወደ ዓሣዎቹ ዞርን።

ገጣሚዎቹ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተገኘ። ሣጥኑ ቤቱን በሙሉ አይሸከምም፣ ስድስት መስመር ምረጡ ተባልን። ቤተሰብ ተሰብስቦ ጉባኤ ሆነ። የእናቴ ክፍል ያለ ክርክር አለፈ። ሚስቴ ፍሪጁንና የማሞቂያውን ማራገቢያ አሳለፈች። ልጆቼ «ዳድ፣ ዋይፋይ» ብለው በእንግሊዝኛ ተከራክረው በእንግሊዝኛ አሸነፉ። የኩሽና መብራትና የመታጠቢያ ቤት መብራት ተከተሉ። እኔ ኳስ የማይበት ቴሌቪዥን በሙሉ ድምፅ ወደቀ። ከፋዩ እኔ ነኝ ብል የሚሰማኝ አጣሁ።

እናቴ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ተመለሰች። እህቴ ለሙከራ ብቻ ነው ብላ አንዲት የእጅ ቦርሳ አስይዛ ነው የላከቻት። አልተቃወምኩም፤ በእኔ ጉራ ምሳ የበላች ሴት መጠራጠሯ ሐቋ ነው።

የገና ሰሞን ንፋሱ መጣ። ከኤርፖርት ተሳፋሪ ጭኜ ወደ መሀል ከተማ እየሄድኩ ሚስቴ ደወለች። ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል አለችኝ። ማሽኑስ አልኳት። ስልኩን ይዛ ስትሄድ የእግሯ ኮቴ ይሰማኛል። ከዚያ ያ ጉርምርምታ መጣ፣ ከሥሩም የጠርሙሷ መንተክተክ። እናቴ ምሳ በልታ ተኝታለች፣ መብራት መጥፋቱንም አላወቀችም አለች ሚስቴ። መኪናዬን ዳር አስይዤ አቆምኩና አለቀስኩ። ተሳፋሪው ደንግጦ ምን ሆንክ አለኝ። መብራት ጠፋ አልኩት፣ እየሳቅኩ። ሰውዬው ቀበቶውን ጠበቅ አደረገ።

ቤት ስደርስ እናቴ ተነስታ ኩሽና ተቀምጣለች። ስልኳ ጠራ፤ እህቴ ናት። ሲታክም ጠፍቶ ኖሯል፣ አፓርታማው ብርድ ሆኗል፣ እሷ ግን የደወለችው ስለ ማሽኑ ለመጠየቅ ነው። እናቴ አዳምጣት ስታበቃ ረጋ ብላ ተናገረች።

«ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ እዚህ ሙቀት አለ። እኔ ከዚህ የትም አልሄድም።»

አመሻሽ ላይ እህቴ መጣች። ልጆቿ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ዋይፋዩ ጋ ደረሱ። እሷ ግን ወደ መኪናዋ ተመልሳ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ጎትታ አወጣች። የእናቴ ልብስ ነው፣ እሷ ጋ የነበረው በሙሉ። ሻንጣዎቹን ተቀብያት እናቴ ክፍል አስገባኋቸው።