«እናንተ ታውቃላችሁ» ያልኩበት ስብሰባ

ከደብረ ብርሃን የወጣን ዕለት ማታ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር፤ ልዩነቱ እያለቀሱ የሚስቁ መብዛታቸው ብቻ ነው። ዲቪው የደረሰው ለባለቤቴ ለትዕግስት ቢሆንም ምርቃቱ ሁሉ የዘነበው በአምስት ዓመቱ ልጃችን በናሆም ላይ ነበር። «እዚያ እኮ» አሉ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ፣ «ልጅን ትምህርት ቤት በር አድርሶ መመለስ ነው። የቀረውን መንግሥት ይጨርሰዋል።» እኔም አመንኩ። ወገኖቼ፣ እንዲህ የሚላችሁ ሰው ካለ አመስግኑትና እለፉ።

አሜሪካ ገብተን አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን በምትባል ከተማ አፓርታማ ተከራየን። የአትላንታ ብርድ ለደብረ ብርሃን ሰው ቀልድ ነው፤ የበጋው ወበቅ ግን ልብስ ለብሶ ገላ እንደ መታጠብ ነው። ትዕግስት ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሥራ ገባች፣ እኔ ዴሊቨሪ ጀመርኩ፣ ናሆምን ቢጫው አውቶቡስ ይወስደዋል፣ ይመልሰዋል። ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለኝ ጉዳይ እዚያው አውቶቡሱ በር ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን ለስብሰባ እስኪጠሩን ድረስ።

ርዕሰ መምህርቷና የናሆም አስተማሪ ሚስስ ግሪን ተቀመጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አስተርጓሚ ያለበት ስልክ። ናሆም ትምህርት ከጀመረ ወዲህ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈሰም አሉ። የመናገር ችግር ላለባቸው ልጆች ወደ ተለየ ክፍል ቢዛወርስ፣ ምን ይመስላችኋል?

ናሆም! ቤት ውስጥ አፉ የማያርፈው ናሆም! በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚጨርሰው፣ ሚስስ ግሪንን እያስመሰለ በሳቅ የሚገድለን ልጅ! ደነገጥኩ። ግን መምህር «ተሳስተሃል» ይባላል እንዴ? እንዳደግኩት መለስኩ።

«እናንተ ታውቃላችሁ።»

«ተርጉሜያለሁ» አለ አስተርጓሚው። «አሁንም የእርስዎን ሐሳብ ነው የሚጠይቁት።»

«እሺ ይበሉልኝ።»

«እሺ ምኑን? ይላሉ።»

«ወረቀቱን ይስጡኝና ልፈርም።»

«ያላመኑበትን አናስፈርምም ይላሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሳይናገሩ የሚለቁዎት አይመስለኝም።»

ትዕግስት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። «ሺፍት ቼንጅ አድርጌ የመጣሁት አንተ እሺ ስትል ለማየት ነው? ልጄን ያለቦታው ሊያስገቡት ነው እኮ!»

ተናገርኩ። እየፈራሁ ጀምሬ እየጮህኩ ጨረስኩ። ሚስስ ግሪን ትቆጣለች ስል ወንበሯን አስጠጋች። «እኔን ያስመስላል? እስቲ አሳዩኝ!» ጣቴን ቀስሬ፣ ድምፄን አቅጥኜ «ሲት ዳውን፣ ፍሬንድስ» አልኩ። ርዕሰ መምህርቷ እስክታነባ ሳቀች። «እኛ የምናውቀው ዝም ያለውን ናሆም ነው» አለች። «ሌላውን ሊነግሩን የሚችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።»

ዝውውሩ ቀረ። በምትኩ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ክፍል ገብቼ ከናሆም ጋር እንዳነብ ተስማማን፤ ከእኔ ጋር ሲያወራ ሚስስ ግሪን ቀስ በቀስ ልትጠጋን። ጉልበቴ አገጬን እየነካ ትንሿ ወንበር ላይ ተኮፈስኩ። እንግሊዝኛዬን የሚያርመኝ ናሆም ነው፣ በሹክሹክታ። አስተማሪዋ መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ከመስኮቱ፣ በኋላም ከጎናችን ተቀመጠች። አንድ ሐሙስ ዞሮ አያትና ሽንት ቤት መሄድ ይችል እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ለእሷ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። «ሹር» አለችው፣ ይቻላል ማለቷ ነው፤ ብድግ ብላም በሩን ከፈተችለት። ይህችን አገር በብዙ ነገር አማታለሁ፤ ለዚህ ግን እጅ ነሳሁ።

በደስታ አባቴ ጋ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። እንዴት እንደ ጠየቁኝ፣ ካልተናገርክ አንለቅህም እንዳሉኝ ሁሉንም አወራሁላቸው።

«አንተን አራተኛ ክፍል መምህሮችህ ሰነፍ ነው ብለው የጣሉህ ጊዜ» አሉ አባቴ፣ «ሰሌዳው እንደማይታይህ አውቅ ነበር። አጎትህን እንኳ ከሩቅ በድምፁ ነበር የምትለየው።»



«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም፣ አባባ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።