ግቢውን የሚያጥበው ማነው

ብሩሽ የምትባለው ሴት ሥራዋ ልብስ ማጠብ ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ የሚባል ነገር በማይገባበት ክፍል፣ የእንግዶችን አንሶላና ፎጣ ስታጥብና ስትተኩስ ፀጉሯ ሸብቷል። ቅጽል ስሙ ግን ከሆቴሉ አልመጣም። የመጣው ከእናቷ ግቢ ነው። እሑድ እሑድ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደረጃ ያለውን ሲሚንቶ ስትፈትግ ያየ ጎረቤት ሁሉ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ረስቶ ብሩሽ አላት። እርሷም አልተቀየመችም። እንዲያውም ደስ ይላት ነበር፤ ለእናቷ የሚለፋው ማን እንደሆነ ስሙ ራሱ ይመሰክርላታል።

ትዳር አልሆነላትም። አንድ ሁለቴ ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር “ይቅርብኝ” ብላ ተወችው። የቀሩላት እናቷ ናቸው። ታናሽ ወንድሟ ሚስት አግብቶ እዚያው እናቱ ግቢ፣ ከጓሮ ባሉት ክፍሎች ሲገባ ግን በእናቷም ላይ ተካፋይ መጣባት። ምራትየዋ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ረጋ ያለች፣ ሰው የማታስቀይም ሴት ናት፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ብሩሽ ባረፈች። ክፉን ሰው መጥላት ቀላል ነው። ደጉን ለመጥላት ግን ሌት ተቀን መልፋት ይጠይቃል፤ ብሩሽ ደግሞ ከልፋት ሸሽታ አታውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ እናቷ የምራታቸው ናቸው። መድኃኒት በሰዓቱ የምትሰጣቸው እርሷ፣ ጥፍራቸውን የምትቆርጥላቸው እርሷ፣ ማታ አብራቸው ዜና የምታይ እርሷ። እሑድ ግን የብቻዋ ነበር። እናቷ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፣ እርሷ ታጥባለች፣ ስትጨርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ “ተባረኪ ልጄ” ይሏታል፣ እርሷም ምርቃቷን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሳምንቱን የምትከርመው በዚያች ቃል ነበር።

ታዲያ አንድ እሑድ የግቢውን በር ስትከፍት ወፍጮ ቤት የገባች መሰላት። ምራትየዋ የባሏን ቦት ጫማ ተጫምታ፣ አፈሙዙ ረጅም የሆነ ነገር በሁለት እጇ ጨብጣ መሃል ግቢ ቆማለች። ከኋላዋ አንዲት ቢጫ ማሽን አለች፤ መኪና አጣቢዎች ላቫጆ ላይ የሚይዙት ዓይነት፣ ነገር ግን ከሻንጣ የማትበልጥ። የኤሌክትሪክ ገመዷ በሳሎኑ መስኮት ገብቷል፣ ቱቦዋ ከደጁ ቧንቧ ጋር ተገጥሟል። ከአፈሙዙ የሚወጣው ውኃ የነካው ቦታ ሁሉ ጥቁሩ እየተገፈፈ ይነጣል። ብሩሽ አንድ እሑድ ሙሉ የምትፈትገውን፣ ይቺ ቆማ፣ ያውም ሳታጎነብስ፣ እየተራመደች ትጨርሰዋለች።

“እትዬ፣ መጣሽ?” አለች ምራትየዋ ማሽኑን አጥፍታ። “ከእንግዲህ ወገብሽ ይረፍ።”

“ወገቤን አመመኝ ብዬሻለሁ?”

“ኧረ አላልሽኝም። እንዲያው እንዳይደክምሽ ብለን ነው።”

“ብለን” የምትለዋን ቃል ብሩሽ ለቀም አደረገቻት። እነማን ናቸው ያሉት? እናቷ በረንዳው ላይ ሆነው ፈገግ ብለዋል። “እዪው እስቲ ልጄ፣ ቤቱ የተሠራ ሰሞን እኮ እንዲህ ነበር የሚያበራው” አሉ።

“ከእጅ አይሻል ዶማ” አለች ብሩሽ። ነገር ግን ማሽኑ እንደገና ተነስቶ ስለነበር የሰማት የለም። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው፤ ሰው ተሳድቦ እንኳ ካልተሰማ ምን ዋጋ አለው?

እኩለ ቀን ሳይሆን ግቢው አለቀ። ብሩሽ ይዛው የመጣችውን ፌስታል እንደያዘች ነው፤ ውስጡ ብሩሿና አሮጌ ቀሚሷ አለ። ምራትየዋ ቱቦውን እየጠቀለለች ወደ በረንዳው ዞር አለችና፣ “እማዬ፣ እስኪደርቅ እንዳይወርዱ፣ ያዳልጥዎታል” አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ “እማማ” ነበር የምትላቸው። “እማዬ” የብሩሽ ነበረች። ለወንድሟ እንኳ ያካፈለቻት ከእርሱ ሌላ ወንድም ስለሌላት ነው።

“ልሂድ በቃ” አለች።

“ምነው፣ አትቀመጪም?” አሉ እናቷ።

“ሥራ አለብኝ።”

እሑድ ሥራ እንደሌለባት እናቷም ያውቃሉ፣ እርሷም ማወቃቸውን ታውቃለች።

ያን ሳምንት ሆቴሉ ውስጥ የተኮሰችው አንሶላ ሁሉ የምራትየዋ ፊት ይመስል ነበር፤ ካውያውንም ጫን አድርጋ ታሳርፍበት ነበር። እንቅልፍም በዓይኗ አልዞረ። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናት ነበር። ስትወጣ አየት አድርጋለች፤ በስተግድግዳው በኩል፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ፣ እርጥበት የሚያበቅለው አዳላጭ አረንጓዴ ነገር አልለቀቀም። ማሽኑ በላዩ አልፎ ፈዘዝ አድርጎት እንጂ ሥሩን አልነቀለውም። “አየሽ፣ አልቻለችውም” ትላለች ለራሷ፣ አንሶላውን እያጠፈች። በማግስቱም ይህንኑ ትላለች። ቅናት የያዘው ሰው ትንሽ ስንቅ ይበቃዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ሄደች፤ ግቢው ታጥቦ ቆያት። የማንም ዓይን ያላየውን የመስኮት መስታወት ወልውላ ተመለሰች። እናቷ “ተባረኪ” አሏት፤ ለመስኮት የተሰጠ ምርቃት ግን ሆድ አይሞላም። በዚያው ቀን ሌላ ነገር ሰማች። ረቡዕ ምራትየዋ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አማቷን ዓይን ክሊኒክ ልትወስዳቸው ነው። ብሩሽን የጠየቃት የለም። “እኔስ እግር የለኝም? እኔስ ፈቃድ አይሰጠኝም?” እያለች በታክሲ ውስጥ ስትብከነከን አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ፈቃድስ ወሰደች። ረቡዕ ጠዋት እነርሱ ወጥተው ወንድሟም ሥራ ከሄደ በኋላ፣ በያዘችው ትርፍ ቁልፍ በሩን ከፍታ ገባች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። በራሷ በምራትየዋ ማሽን፣ ምራትየዋ ያቃታትን ጥግ እንደ አንሶላ ታነጣዋለች። እናቷ ከክሊኒክ ሲመለሱ “ይህን ማን አጠበው?” ይላሉ። እርሷም ደረጃው ላይ ቆማ “እኔ” ትላለች። ያችን አንዲት ቃል ደጋግማ ስትለማመዳት ነው የመጣችው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለውን ተረት የሚያስታውሳት ሰው በአጠገቧ አልነበረም።

መጀመሪያ እንዳየችው አደረገች። ገመዱን ሰካች፣ ቱቦውን ገጠመች፣ መያዣውን ስትጨብጠው ማሽኑ አጓራ። እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ደነገጠች፤ ደስም አላት። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላት፤ ሰው እንደዚህ ሳያጎነብስ ማጠብ ይችላል ብላ አስባ አታውቅም። ይህንንም ያገኘችው ያቺ ሴት መሆኗ ይበልጥ አናደዳት። ወደ ጥጉ ሄደች። አረንጓዴው ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ቀረብ አደረገችው፣ እንቢ። አፈሙዙን ቀየረች፣ እንቢ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ይል ነበር። ብሩሽ ግን ዕድሜዋን በሙሉ በልብስ እጥበት ያሳለፈች ሴት ናት፤ የልብስ አጣቢ ሃይማኖት ደግሞ አንድ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ያልቻለውን ሙቅ ውኃ ይችለዋል። ወይን የፈሰሰበት አንሶላ፣ ቅባት የጠጣ የወጥ ቤት ሽርጥ፣ ሊፒስቲክ የነካው ፎጣ፣ ሁሉም በፈላ ውኃ ፊት እጁን ይሰጣል። ስለዚህ ቱቦውን ከደጁ ቧንቧ ነቀለችና በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት አስገብታ ከቦይለሩ ሙቅ ውኃ ጋር ገጠመችው። ቦይለሩንም እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ጠበቀች። በማሽኑ ጎን ላይ አንድ ቀይ ሥዕል ተለጥፏል፤ የሙቀት መለኪያ ሆኖ የክልከላ መስመር ተሰምሮበታል። አይታዋለች። “ትኩሳት ያለበት ሰው እንዳይነካው ማለት ይሆናል” ብላ አለፈችው።

ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ሰመረላት። እንፋሎቱ ወጣ፣ አረንጓዴው እየተላጠ ተነሳ፣ ክንድ የምታህል ቦታ በረዶ መሰለች። “እኔ” አለች ብሩሽ ጮክ ብላ። ከዚያ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። እንደሚያስል ሰው ይል ጀመር። ከሥሩ ውኃ አንጠባጠበ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ አንዴ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ። ብታበራው፣ ብታጠፋው፣ ብትመታው አልተነሳም። ጎኑንም ዳሰሰችው፤ ይፋጃል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህን ግን መልቀምም አይቻልም። ማሽኑን ወለወለችው፣ ቱቦውን ምራትየዋ በምትጠቀልለው አኳኋን ጠቀለለችው፣ ቦታው መልሳ አስቀመጠችው። ክንድ የምታህለዋን ነጭ ቦታ ማንም ልብ አይላትም ብላ ተወቻት። “እኔ” ልትል የመጣች ሴት፣ እኔ አይደለሁም የሚል ፊት ይዛ ሰው ሳያያት ወጣች።

እሑድ መጣች፤ ቀድማ መጣች። ወንድሟ ማሽኑን ገልብጦ ካቻቪቴ ይዞ ይጎረጉረዋል፣ ሚስቱ አጠገቡ ቁጢጥ ብላለች።

“እኔ ነኝ” አለች ምራትየዋ በረንዳው ላይ ወደተቀመጡት እናት ዞራ። “ባለፈው እሑድ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ በግዴለሽነቴ ነው ያበላሸሁት።”

ብሩሽ ይህን ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ደግሞ ቅቤው ኮመጠጠ፤ ጥፋቱን እንኳ ቀድማ ወስዳባታለችና።

“ተዪው ባክሽ” አለ ወንድሟ እየሳቀ። “እኛ የማይበላሽ ማሽን አለን። ይኸው በእግሩ መጣ።”

ብሩሽም ከፌስታሏ አሮጌ ቀሚሷን አወጣች። ባልዲውን ሞላች፣ ዱቄት ሳሙናውን በተነች፣ ተንበረከከች። እንደዚያ ቀን በደስታ ፈትጋ አታውቅም። ጉልበቷ ይጮኻል፣ ወገቧ ይጮኻል፣ እርሷ ግን የሚሰማት የብሩሹ ድምፅ ብቻ ነው። ምራትየዋ ዕቃ ቤት ገብታ አንድ የተሰነጠቀ ብሩሽ ይዛ መጣችና ከግቢው ማዶ ተንበረከከች። “ትምጣ” አለች ብሩሽ በሆዷ፤ “እዚህ ላይ ማን እንደሚበልጥ እናያለን።”

“ልጄ” አሉ እናቷ ከበረንዳው።

“አቤት እማዬ።”

“ነይ እስቲ ተቀመጪ።”

“ልጨርስና።”

“ልጨርስና እንዳልሽ ሸበትሽ።”

ብሩሽ ሳቅ ብላ መፈተጓን ቀጠለች። ምርቃቷን እየጠበቀች ነው።

“ማሽኑ ይሻል ነበር” አሉ እናቷ።

እጇ ቆመ። ዞር ብላ አየቻቸው። “ምነው እማዬ፣ የእኔ እጅ አላጠራ አለሽ?”

“እጅሽማ ያጠራል። እኔ ግን እሑድ እሑድ የማየው ጀርባሽን ነው። ፊትሽን የማየው ስትገቢ ስትስሚኝና ስትወጪ ስትስሚኝ ነው። ዓይኔ ደግሞ እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጠኝ።” ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። “እርሷን ማሽን ግዢልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ቶሎ ካለቀ ልጄ አጠገቤ ትቀመጣለች ብዬ። ያን ቀን በጊዜ አለቀ፣ አንቺ ፌስታልሽን አንጠልጥለሽ ወጣሽ።”

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች፤ ለመነሳትም ግድግዳውን መያዝ ነበረባት። ግማሹ ግቢ ሳሙና እንደለበሰ ትታው ደረጃውን ወጣችና እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷ ፊቷን ወደ ራሳቸው አዙረው ቀረብ ብለው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

“በይ አጫውቺኝ” አሉ።

“ምን ላጫውትሽ?”

“የሥራሽን፣ የቤትሽን። የመጣልሽን።”

ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ቤት ስትመላለስ አንድ ወሬ እንኳ ይዛ መጥታ አታውቅም ነበር፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። ከግቢው ማዶ የምራትየዋ ብሩሽ ይሰማል። ዝም ብላ ወዲያና ወዲህ ነው የምትፈትገው፤ እንደዚያ አይለቅም፣ ማሽከርከር ነው የሚያስፈልገው። የብሩሽ ጣቶች ጭኗ ላይ ተቁነጠነጡ። አሁን ደግሞ በዚያ በተሰነጠቀ ብሩሽ ቀናች። እናቷ ግን እጇን ይዘው ይጠብቋታል።

“ረቡዕ ዕለት” አለች በመጨረሻ፣ “እናንተ ክሊኒክ በሄዳችሁ ጊዜ፣ እኔ እዚህ መጥቼ ነበር።”

ከግቢው ማዶ የሚሰማው ብሩሽ ቆመ።