የአንጥረኛው ልጅ ያሸችው ሳንቲም

ጁወይሪያ ሰዕድ የጠቆረ ነገር አይታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ ቢሮ ስታጸዳ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ወሎ ላይ የአንጥረኛ ልጅ ነበረች። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

በግንቦት ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ በተከራየቻት ቁራጭ መሬት ላይ ጎመን ልትተክል ስትቆፍር፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ አራት ጥቋቁር ሳንቲሞች አገኘች። ቬስትሊ ሰፈር ቤቷ ይዛቸው ገባችና፣ አባቷ ብር ሲጠቁርበት እንደሚያደርገው አንዱን በሎሚና በጨው እሽት አደረገችው። ይነጣል ስትል ሳንቲሙ እንደ መዳብ ቀላ፤ ላዩ ላይ የነበረው የዘውድ ምስልም ጠፋ። «ወይ ጉዴ!» አለች።

ልጇ ጁመና ስልኳ ላይ ፈልጋ አነበበችላት። ሳንቲሞቹ አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ጥቂት ብር ከብዙ መዳብ ጋር ተቀላቅሎ የተሠሩ ናቸው፤ የመንግሥት ናቸው፤ ማሸትም አይገባም። ጁወይሪያ ነገሩ ዜግነት እንዳያስከለክላት ፈራች። የዜግነት ማመልከቻዋን ያስገባችው ገና ዘንድሮ ነው።

«እማ፣ ሦስቱን ስጪያቸው። አራተኛውን ማን አየው?» አለች ጁመና።

«ኔይ» አለች እናት፣ በኖርዌይኛ አይሆንም ስትል።

አባቷ ሰዕድ የሰው ብር መዝኖ ተቀብሎ፣ መዝኖ የሚመልስ፣ ፍንጣሪ ሳያጎድል የሞተ ሰው ነው። አገሩ ግን «ቀጥቃጭ» እያለ ሸሸው። ሙሽሮቹ ሁሉ በእጁ ሥራ አጊጠው ሲዳሩ፣ እሱን ለሠርግ የጠራው አልነበረም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

በማግስቱ አራቱንም ይዛ ሙዚየም ሄደች። «ይህችን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች፣ የቀላችውን ለይታ እያሳየች።

የሙዚየሟ ሴት በአጉሊ መነጽር አየቻት። «አዎ፣ ተጎድታለች» አለች። «ብዙ ሰው ግን ይደብቃል። አንቺ አመጣሽልን፤ አመሰግንሻለሁ።»

ቁጣ የለ፣ ፖሊስ የለ። ጁወይሪያ በሆዷ አልሐምዱሊላህ አለች፤ አንዴ አልበቃ ብሏት ደገመችው።

ሴትዮዋ መዝገብ ከፈተች። ያገኘው ሰው ስም ከሳንቲሞቹ ጋር እንደሚቀመጥ ነገረቻትና ሙሉ ስሟን ጠይቃ ጻፈች።

«ሰዕድ የቤተሰብሽ ስም ነው?»

«የአባቴ ስም ነው። እኛ አገር የምንጠራው በአባታችን ነው። አንጥረኛ ነበር።»

ዕድሜውን ሙሉ ብር ሲያቀልጥ ኖሮ አንድ ጌጥ ላይ እንኳ ስሙን ያላሰፈረው ሰዕድ፣ በሰው አገር ከብር ጎን ተጻፈ። ጁወይሪያ እስከ ቬስትሊ ድረስ ባቡሩ ውስጥ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።