የተስማሙት ሁለት ማሽኖች

በግንባታ ዲዛይን ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የሚንከባከበውን ሰው ባልደረቦቹ «መፍቻ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው ባልደረባው፣ ነዳፊው ነው። አንድ ጠዋት መፍቻ በአጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሶ የፕሮሰሰሩን ገጽ በሹል እርሳስ ሲነካካ ደረሰበትና፣

«ምን ሆነሃል? ቅንድብ እየኳልክለት ነው እንዴ?» አለው።

«ቁልፉን እየፈታሁ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ልቡ ይሮጣል።»

«ሮጦ ሮጦ በመስኮት እንዳይወጣ ብቻ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተር አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው፤ ከኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ የሚደርሰውን ምት በአንድ ቁጥር አባዝቶ በሰከንድ ከሺህ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይመታል። አምራቹ ይህን ማባዣ ቆልፎ ይሸጣል። በዚያ ዘመን ቁልፉ በፕሮሰሰሩ ገጽ ላይ ሆን ተብለው የተቆረጡ ጥቃቅን መስመሮች ነበሩ። የእርሳስ ጥቁረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና፣ የተቆረጠውን በእርሳስ ያገናኘ ሰው ማባዣውን እንዳሻው ከፍ ማድረግ ይችላል። መፍቻ «አንዱን ዕቃ በሁለት ዋጋ ሊሸጡልን ነው የሚቆልፉት» ይል ነበር። ሐሰት አይደለም። ዕቃው ሳይሳሳት የሚሮጥበትን ልክ ለክቶ የሚያውቀው ግን አምራቹ ብቻ መሆኑን ሊያስብበት አልፈለገም። ግማሽ እውነት የያዘን ሰው ማስተማር ምንም የማያውቀውን ከማስተማር ይልቅ ይከብዳል።

ቢሮው አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ ያወጡትም ዋና መሐንዲሷ ናቸው። ማንኛውም የሕንፃ ስሌት በሁለት ማሽኖች ይሰላል፤ ሁለቱ ውጤቶች ታትመው ጎን ለጎን ይነበባሉ። ልዩነት ከሌለ መፍቻ ከግርጌው «ተመሳክሯል» ብሎ ይፈርማል፤ ልዩነት ካለ ሁለቱም ወረቀቶች ለእሳቸው ይቀርባሉ። መፍቻ ሁለቱንም ማሽኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ እርሳስ፣ በአንድ ልክ ፈታቸው። ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው ስሌት በአንድ ቀን ተኩል ማለቅ ጀመረ። ዋና መሐንዲሷ ደስ አላቸው፤ እንዴት ብለው ግን አልጠየቁም። ከጥፋቱ ይህ የእሳቸው ድርሻ ነው።

በሦስተኛው ወር ሁለቱ ወረቀቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስማሙ ቀሩ። ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ አራተኛው አኃዝ ላይ ነው፤ ከጸጉር የቀጠነ። መፍቻ ወረቀቶቹን ይዞ እስከ ዋና መሐንዲሷ በር ሄደ። እጁ ሊያንኳኳ ከተነሣ በኋላ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ማሽኖቹ እንደሚሆን ታየው። ተመለሰ። ስሌቱን እንደገና አስኬደው፤ ተስማሙ። የፊተኞቹን ወረቀቶች ቀዶ ጣለ፤ በኋለኞቹ ላይ ፈረመ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነበት፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ እስኪስማሙ ያስኬዳቸዋል። ማሽኖቹ በሥራ መሐል አንድም ቀን በድንገት ጠፍተውበት አያውቁም። ያልጠፋ ማሽን አይሳሳትም ብሎ ራሱን አሳመነ።

ሙቀቱ ሲከፋ የውሃው ማማ ስሌት መጣ፤ በአራት እግር የቆመ፣ ለአንድ ሰፈር የሚበቃ የአርማታ ታንከር። የማሽኖቹ ክፍል እንደ ምድጃ ይግል ነበር። ታንከሩን ለሚሸከመው ቀለበት አንዱ ማሽን ሃያ ሁለት ፌሮ ያስፈልጋል አለ፤ ሌላው አሥራ ስድስት። መፍቻ ደነገጠ። የደነገጠው ግን ለማማው አልነበረም፤ ለስሙ ነበር። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሙከራ ተለያዩ። በአራተኛው ሁለቱም አሥራ ስድስት አሉ። ፈረመ።

ማማው በስምንት ወር ተሠርቶ ቆመ። ከእግሩ ሃምሳ እርምጃ ርቆ የመፍቻ ታላቅ እህት ቤት አለ። አንድ ቅዳሜ ለምሳ ሄዶ ደጃፏ ላይ ሲደርስ፣ ግቢው በማማው ጥላ ተሸፍኖ አገኘው።

«ታየዋለህ?» አለች እህቱ፣ በኩራት ወደ ላይ እያየች። «ሰኞ ጠዋት ይሞላል ተብለናል። እኔ ደግሞ ለሰዉ ሁሉ ወንድሜ የሠራው ነው ብዬ አውርቻለሁ።»

«እታለም፣ እኔ ምን ሠራሁ? ስሌቱን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ካየኸው ምን ቀረው? ብላ ይልቅ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

እንጀራውን ቆርሶ በደጃፉ ወደ ውጭ አየ። የእህቱ ልጆች ከማማው እግር ሥር ኳስ ይጫወታሉ። የቆረሰውን መልሶ፣ ሳይሰናበት ተነሥቶ ወደ ቢሮ ሄደ።

በቢሮው ውስጥ እጁ ያልነካው ፕሮሰሰር አንድ ብቻ ነበር፤ ጸሐፊዋ ደብዳቤ የምትጽፍበት፣ ማባዣው እንደተቆለፈ ያለ ኮምፒውተር። የማማውን ስሌት በእሱ ላይ ጫነ። ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ እሑድን ሙሉ ሠራ። ሰኞ ጠዋት መፍቻ ሲገባ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ይጠብቀው ነበር፤ ሃያ ሁለት።

ቀዶ የጣለው ወረቀት ትክክል ነበር። ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ልክ ከአቅማቸው በላይ ሲሮጡ፣ አንድ ቦታ ላይ ተደናቅፈው በአንድ ስህተት ተስማምተዋል፤ እሱም ስምምነታቸውን እንደ ምስክርነት ተቀብሎ ፈርሞበታል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እንደገና ላስኪደው ይሆን የሚል ሐሳብ መጣበት፤ እፍረቱም የዚያን ጊዜ ነው የነካው። ተነሥቶ የዋና መሐንዲሷን በር ሳያንኳኳ ከፈተ።

«ኢንጂነር፣ ውሃው ይቁም።»

ነገራቸው። ሳያቋርጡ ሰሙት፤ ስልኩን አንሥተው ማማው ላይ ላለው ፎርማን ደወሉ። ታንከሩ ከግማሽ አልፏል አላቸው። ፎርማኑ አክሎ፣ ከቀለበቱ ሥር እርጥብ መስመር አይቻለሁ፣ የቀለም መስሎኝ ነበር አለ።

«መሙላቱን አቁም። በታች በኩል ክፈተውና ይውጣ። ሰዉን አርቅ» አሉ ዋና መሐንዲሷ። ከዚያም ወደ መፍቻ ዞሩ። «ስንት ጊዜ ነው ያልተስማሙት?»

«ለማማው ሦስት ጊዜ።»

«ስለ ማማው አልጠየቅሁህም።»

መፍቻ አንገቱን ደፋ። «አላውቅም፣ ኢንጂነር። ወረቀቶቹን ቀድጃቸዋለሁ።»

ከቢሮው ሲወጣ ለእህቱ ደወለ። «እታለም፣ ልጆቹን ይዘሽ ከሰፈሩ ውጪ። አሁኑኑ።»

«ምን ነካህ? ውሃ በመጣ ቀን? ይኸው ቧንቧው ተከፍቶ በቦዩ እየፈሰሰ ነው፤ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ እየሮጠ ነው።»

«ወዴት?»

«ወዴት ይሆናል? ወደ ማማው ነዋ!»

መፍቻ ሲደርስ መቶ የሚሆን ሰው ከአራቱ እግሮች መካከል በባልዲና በጀሪካን ይጋፋ ነበር። ፎርማኑ እየጮኸ ነው፤ የሚሰማው የለም። «ይወድቃል!» እያለ መፍቻ መሐል ገባ። አንድ ሽማግሌ «ወረፋ ለመያዝ ነው እንዲህ የሚያደርገው» ብለው አሳቁበት። እያንዳንዱን ሰው በክንዱ እየጎተተ፣ ልብሱ እየተቀደደ፣ እየተሰደበ አወጣ፤ እህቱን የመጨረሻ አወጣት፣ ባልዲዋን ሳትለቅ። ከላይ፣ ከቀለበቱ፣ ደረቅ ነገር ሲሰነጠቅ የሚሰማ ድምፅ ወረደ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ታንከሩ ባዶ እስኪሆን አራት ሰዓት ፈጀ። አልወደቀም።

በማግስቱ ዋና መሐንዲሷ የመፍቻ ፊርማ ያረፈባቸውን ሥራዎች ዘረዘሩ፤ ከማማው ሌላ ሠላሳ አንድ ሆኑ፤ ሰው የገባባቸው፣ ሰው የሚተኛባቸው። የራሳቸውንም ስም ከሱ ስም ጎን ጽፈው ዝርዝሩን ለከተማው ሕንፃ ተቆጣጣሪ ላኩ። «እጅህ የነካውን ማሽን አላምንም» አሉት። «በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ሁሉንም ትደግማቸዋለህ። እያንዳንዱ ሁለት ቀን ይፈጃል።»

«ባለቤቶቹስ ምን ይባሉ?»

«ተቆጣጣሪው እስኪመልስ ምን እንላቸዋለን? የተሳሳተው የቱ እንደሆነ እንኳ አናውቅም፤ አንተ ቀደኸዋል።»

መፍቻ በየቀኑ ከኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቆጣሪ ከመቶ አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ እያለ ይቆጥራል፤ ሊያፋጥነው የሚችልበት መንገድ የለም፤ ቢኖርም አይደፍርም። ዐሥሩ ከቀድሞው ቁጥር ጋር ተስማሙ። ነዳፊው በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆሞ «እህሳ?» ይለዋል፤ ቀልዱን ከተወው ሰንብቷል።

ዐሥራ አንደኛው የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ነው፤ አራት ፎቅ። ቁጥሩ ተለየ። መፍቻ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ክፍሎቹ ሞልተዋል።