ስንዱ ያልበላችባቸው ቅዳሜዎች

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ከጎረቤት አፓርታማ የወጣ የተቃጠለ ስኳርና ቅቤ ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶት ጠበቀኝና፣ ቁልፌን በእጄ እንደያዝኩ ደጃፌ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ለሌላ ሰው አንድ ምድጃ ላይ ተረስቶ ያረረ ጣፋጭ ነው። ለእኔ ግን የሚስተር ፉ ካፌ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ ዎርዝንግተን ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር።

ሚስተር ፉ ማሌዥያ ተወልደው ያደጉ፣ ዘራቸው ግን ሃይናን ከምትባል የቻይና ደሴት የሚመዘዝ ሽማግሌ ነበሩ። አያቶቻቸው በእንግሊዞች ቤትና መርከብ ወጥ ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ በኋላ የራሳቸውን ካፌ መክፈት እንደጀመሩ ያወሩን ነበር። ቡናውን ከስኳርና ከቅቤ ጋር እስኪጠቁር ራሳቸው ቆልተው፣ በረጅም የጨርቅ ማጥለያ አጥልለው፣ ታቹ ወፍራም የጣሳ ወተት በተጨመረበት ስኒ ይቀዱታል። ከቡናው ጋር በስሱ ተቆርጦ የተጠበሰ ዳቦ ይመጣል፣ በመሃሉ ቀዝቃዛ ቅቤና «ካያ» የሚሉት ከኮኮናት፣ ከእንቁላልና ከስኳር የሚሠራ ማርማላታ አለበት። አጠገቡ ደግሞ ገና ያልረጋ ሁለት ለብ ያለ እንቁላል ይቀመጣል፤ ሶያ ሶስና ቁንዶ በርበሬ ጣል አድርጎ፣ መትቶ፣ ዳቦውን እያጠቀሱ መብላት ነው።

አባዬ ግሮቭ ሲቲ በሚባል ሰፈር አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳ ነበር። የአሜሪካን ቡና የስኒ እጣቢ ነው እያለ ሲሳደብ ኖሮ፣ ይህን ካፌ በአጋጣሚ ካገኘ ወዲህ ቅዳሜ አያልፈውም ነበር። እማዬ ቅዳሜና እሁድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ስለምትሠራ የምንሄደው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ቡናውን ወደ ስኒው ማስቀመጫ ገልብጦ፣ እፍ እያለ እየጠጣ፣ ስለ ትምህርት ቤት ይጠይቀኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ወይ ተኝቶ ወይ ተቆጥቶ ስለሚያሳልፍ፣ አባዬ ፊቴን አይቶ የሚያወራኝ በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ስንዱ መጣች። ስንዱ አባዬ እማዬን ከማግባቱ በፊት ደሴ የወለዳት ልጁ ናት፣ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ያሳደገቻት አክስት ስትሞትባት ወረቀቷ ተጨራርሶ ወደ እኛ ተላከች። ክፍሌን ተካፈለችኝ፣ ቁም ሳጥኔን ተካፈለችኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ቅዳሜዬን ልትካፈለኝ መኪናው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሚስተር ፉ ብዕራቸውን ይዘው ሲቆሙ አባዬ የራሱን አዘዘ፣ እኔ የራሴን አዘዝኩ፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ስንዱ ዞርን።

«እዚህ አገር አፍ የሌለው አይበላም» አላት አባዬ። «እኔ ስመጣ ማንም አላዘዘልኝም። ራስሽ ንገሪው።»

ስንዱ ቀና አለችና መልሳ አንገቷን ደፋች። «አባዬ፣ ዛሬን አንተ እዘዝልኝ። ለሳምንት እለምዳለሁ።»

«እንግዲያው ለሳምንት ትበያለሻ!»

ሚስተር ፉ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ ሳይጠየቁ አንድ ሳህን ዳቦ አምጥተው «ኖ ቻርጅ»፣ በነጻ ነው፣ እያሉ ፊቷ አስቀመጡላት። አባዬ ሳህኑን በመዳፉ ገፋ አድርጎ መለሰላቸው። «ሺ ኢዝ ለርኒንግ» አላቸው፣ እየተማረች ነው ማለቱ ነው፣ እየሳቀ። ስንዱ እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ከትታ ግድግዳውን ስታይ፣ እኔ ከወትሮዬ ቀስ ብዬ፣ ጣቴን እየላስኩ በላሁ።

እንዲህ ሆነን ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ስንዱ ቋንቋው ጨርሶ ጠፍቷት አልነበረም፣ ትምህርት ቤት የተማረችው ጥቂት ነበራት። ግን አባዬ ዓይኑን ሲተክልባት ምላሷ ይተሳሰር ነበር። በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሬን እየሠራችልኝ፣ «ሚሚዬ፣ ያ ዳቦና እንቁላሉ አንድ ላይ ስሙ ምንድን ነው? ፕሊዝ ጊቭ ሚ ማለቱን አውቃለሁ፣ ስሙን ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ።

ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ ነበሩ። ዞሬም አላየኋትም።

«ጋርቤጅ ይባላል» አልኳት።

ቆሻሻ ማለት ነው። ቃሉን ደግማ ደጋግማ ስትለው አነጋገሯን አረምኩላት። ማታ ሳህን ስታጥብ፣ ጠዋት ጫማዋን ስታስር ለራሷ ስታንሾካሹክ እሰማት ነበር።

በማግስቱ ሚስተር ፉ ሲመጡ ስንዱ ከወንበሯ ብድግ አለች። ደሴ መምህር ፊት እንደሚቆመው ቀጥ ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ ጠርቶ በሚሰማ ድምፅ «ፕሊዝ ጊቭ ሚ ጋርቤጅ» አለች። አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ። አባዬ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳቀ። «ቆሻሻ ስጠኝ እኮ ነው ያልሽው! ማን አስተማረሽ?»

ስንዱ ወደ እኔ አየች። «ሚሚ ናት» አለች።

ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አባዬ ግን ራሴን እየዳበሰ «አይ የኔ ልጅ! አራዳ!» ብሎ ሌላ ሳህን ዳቦ አዘዘልኝ፣ በላሁትም። ሚስተር ፉ አልሳቁም። ብዕራቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ጓዳ ገቡ።

በረዶው ሲጥል ስንዱ ካፌው መግባት አቆመች። ቤት ልቅር ስትል አባዬ እምቢ አለ። «አትገቢም? እሺ፣ መኪና ውስጥ ጠብቂን» ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ይዞ ይገባ ነበር። ከተቀመጥንበት በመስኮት ትታየን ነበር፣ በገዛ ትንፋሿ መስታወቱ እየደበዘዘባት ቆይቶ ጨርሶ እስኪሸፍናት ድረስ።

ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ሚስተር ፉ ቡና ቀድተው፣ ስኒውን በማስቀመጫው ከድነው፣ በሽርጥና በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ወጡ። ስንዱ በሩን ከፍታ በሁለት እጇ ስትቀበላቸው አባዬ አየ። ተነሥቶ ወጣ። ስኒውን ከእጇ ወስዶ ቡናውን በረዶው ላይ አፈሰሰው፣ ባዶውን ስኒ ይዞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ወንበሩንም ስቦ ተቀመጠ።

ሚስተር ፉ ተከትለውት ገቡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ፊኒሽ» አሉ። «ዩ ጎ። ዶንት ከም ባክ።» በቃ፣ ሂድ፣ ተመልሰህ አትምጣ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ገና ያልጨረስኩትን ሳህን ከፊቴ አነሡ። «ዩ ኦልሶ» አሉኝ፤ አንቺም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥፋቴን ያየ ትልቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባዬ መኪናውን አስነሥቶ ግማሽ መንገድ ነዳ። ከዚያ በመስታወቱ እያያት «ደስ አለሽ?» አላት። «በዚህ አገር የነበረችኝን አንዲት ቦታ አሳጣሽኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን በቀጥታ ማናገር ተወ። «ለዚያች በሩን እንድትዘጋ ንገሪያት፣ ለዚያች ስልኩን እንድትተው ንገሪያት» እያለ በእኔ በኩል ይልክባት ነበር፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ፣ የሰማችውን መልሼ እነግራት ነበር። እማዬ ሁሉን ታያለች፣ ማሰሮ ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ፣ ከእኛ ብዙ በማይርቅ ጋሃና በሚባል ሰፈር የሚኖሩ እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ስንዱን ወደ ቤታቸው ሊወስዷት መጡ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። እማዬ ሻንጣዋን እስከ ታች ተሸክማላት ወረደች፣ ለስንዱ ስታደርግላት ያየሁት ይህንኑ ብቻ ነው። አባዬ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። እኔ ክፍሌ ገብቼ ልብሶቼን በባዶው የቁም ሳጥን ግማሽ ላይ ዘረጋጋሁ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ አይቀር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባዬ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ስንዱ ለቀብሩ መጥታ፣ ከሰው ኋላ ቆማ፣ ለእማዬ እጇን ሰጥታ ሄደች። አሁን ኤርፖርቱ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ በበዓል በበዓል ቴክስት እንላላካለን። ያ ሽታ ኮሪደር ላይ ያቆመኝ ዕለት ኮል አደረግኩላት። እየተንተባተብኩ በአማርኛ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ጋርቤጅ የሚለውንም ቃል ሳልደብቅ ጠራሁላት። ከኋላዋ ልጆቿ ሲሯሯጡ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ለደንበኛ በሚናገሩት ዓይነት ጨዋ እንግሊዝኛ፣ «ኢትስ ኦኬ። ዩ ዌር ናይን» አለችኝ፤ ዘጠኝ ዓመትሽ እኮ ነበር ማለቷ ነው። ልጆቿን ራት ልታበላ እንደሆነ ነግራኝ ዘጋች።

ለብዙ ዓመት እኔም ለራሴ እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ፣ ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅኩም ስል። ዘንድሮ የራሴ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ታናሽ ወንድሟን ልታስለቅሰው ስትፈልግ አያታለሁ፤ ቸኩላ አትናገርም፣ ፊቱን ታጠናለች፣ ቃሉን ትመርጣለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትናገረውና የሚሆነውን ቆማ ታያለች። ያኔ አላውቅም ነበር ማለት ቀላል ነበር። አሁን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚያውቅ በየቀኑ ቤቴ ውስጥ አየዋለሁ።